ወንድ ነው ሴት?

ካርቶኑ የብስኩት ካርቶን ነው። አፉ በፕላስተር ታሽጓል፤ ጎኑ ላይ ግን ጣት የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች ተበስተውለታል። የጣላቸው ሰው ታፍነው እንዲሞቱ አልፈለገም፤ አሳድጋቸዋለሁ ለማለትም አልደፈረም። አየር ጤና አካባቢ ከአንድ የቆሻሻ ገንዳ ሥር በማለዳ ያገኙት መንገድ ጠራጊ ወይዘሮ ሰፈሩን ስለሚያውቁት ወዲያ ወዲህ አላሉም። ካርቶኑን ታቅፈው አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አንኳኩ።

«የቡቺ እናት! ዕቃሽ መጥቷል።»

ስሙን ያወጡላት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። ቀጠሮ ይዤ፣ ሻይ ቀርቦልኝ ተቀምጬ ስለነበር ካርቶኑ ሲከፈት አየሁ። አምስት ቡችሎች፤ ዐይናቸው ገና ስንጥቅ ያህል የተከፈተ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ እርስ በርስ ተደራርበው የሚንቀጠቀጡ። አንድ በአንድ እያነሣች ገለበጠቻቸው።

«ሴት። ሴት። ሴት። ይቺም ሴት። ይቺም።» ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። «ወንድ ቢሆኑማ እዚህ ምን ያመጣቸዋል?»

ወተት ታመጣለች ብዬ ስጠብቅ ማንቆርቆሪያ ጣደች። ሙቅ ውኃ በሁለት ሃይላንድ ሞልታ በአሮጌ ሹራብ ጠቀለለቻቸው፤ ሳፋ ውስጥ ግራና ቀኝ አስተኝታ ቡችሎቹን መሀል አደረገቻቸው። የበረደው ቡችላ አንጀቱ አይሠራም። በቀዝቃዛ ሆድ የገባ ወተት እዚያው ይቆማል፣ አንዳንዴም ተመልሶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል የሚሞቀው ከእናቱ ገላ ነው፤ እናት ከሌለች ሃይላንድ ትተካለች። ርኅሩኅ ሰዎች ከመንገድ ያነሡትን ቡችላ ወዲያው ወተት ግተው የሚገድሉት በዚህ ምክንያት እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው ይናገራሉ። የቡቺ እናት በጣቷ አፋቸውን እየከፈተች ድዳቸውን ትዳስሳለች። ሞቅ ሲል ነው ሲሪንጅ የምታነሣው።

ወተቱም ዝም ብሎ የላም ወተት አይደለም። የላም ወተት ስቡም ፕሮቲኑም ከውሻ ወተት ግማሽ አይሞላም፤ የወተት ስኳሩ ግን ይበልጣል። ብቻውን ከተሰጣቸው ያስቀምጣቸዋል፣ ተቅማጥ ደግሞ ይህን በሚያክል ገላ ላይ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለቡችላ ተብሎ የተሠራ የዱቄት ወተት ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ታስልካለች። እስኪደርስ ወተቱ ላይ የእንቁላል አስኳል ትመታበታለች። ስታጠጣቸው እንደ ሕፃን በጀርባቸው አታንጋልላቸውም፤ በሆዳቸው ተኝተው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚጠቡት። ከጠገቡ በኋላ ሙቅ ውኃ የነካ ጨርቅ ይዛ ከሆዳቸው ግርጌ ታሻሻለች። እናት ውሻ ይህን በምላሷ ነው የምታደርገው፤ ካልተደረገላቸው ሽንታቸውን መሽናት አያውቁበትም። ይህ ሁሉ በየሦስት ሰዓቱ ነው፤ ሌሊቱንም ጨምሮ።

የሌሊቱን ተራ የሚወስዱት እናቷ ናቸው። እማማ ውሻ እንደማይወዱ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ግን እሳቸው ስለሆኑ ሕጉን ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ውሻ የሳሎን ደፍ አይረግጥም። የንስሐ አባታቸው ጠበል ሊረጩ የሚመጡ ቀን ሳፋው ወደ ሰርቪስ ቤት ይዛወራል። ጎረቤታቸው ሙስሊም ስለሆኑ፣ ለሶላት የተዘጋጀ ሰው ልብሱን ውሻ ቢልሰው ሌላ ጣጣ ስለሚያመጣ፣ በር ሲከፈት ቡችላ ታቅፎ የሚይዝ ሰው ይኖራል። ውሻን በቤት ማቆየት እንዲህ ያለ ስምምነት ይጠይቃል። በፈረንጅ አገር ፊልሞች ሶፋ ላይ የተጋደመውን ውሻ እያየ «እኛ አገር ይህ አይሆንም» የሚለው ሰው ትክክል ነው፤ አይሆንም። በረንዳው ላይ ግን ይሆናል።

ነገሩ በሌላው ዓለም የታወቀ አሠራር አለው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የውሻ መጠለያ ሲሞላ፣ ወይም ለመጠለያ የማይሆን እንስሳ ሲመጣ — የታመመ፣ የወለደች፣ ሰው የሚፈራ — ፈቃደኛ ቤተሰብ ቤቱ ወስዶ ለሳምንታት ያቆየዋል። ምግቡንና ሕክምናውን አብዛኛውን ጊዜ መጠለያው ይሸፍናል፤ ውሻው ባለቤት ሲገኝለት ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባ ያ መጠለያ የለም። የሚኖረው «ለጊዜው ያዢልኝ» የሚል ስልክ ነው፤ ወይ እንደዛሬው ካርቶን። መድኃኒቱንም፣ ሩዙንም፣ ክትባቱንም የሚከፍለው ያው በሩ የተንኳኳበት ሰው ነው፤ አልፎ አልፎ ጓደኛ ያግዛል። ስለዚህ እዚህ ውሻ የሚያቆይ ሰው መጠለያውም፣ ነርሷም፣ ደላላውም ራሱ ነው። የደላላው ሥራ ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚደውለው ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው።

«ወንድ ነው ሴት?»

በዚያ ጠዋት ቀድሞ በቴሌግራም ለወጣች አንዲት የሦስት ወር ቡችላ ስልክ ተደወለ። የቡቺ እናት ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«ሄሎ፣ እንደምን አደርሽ እህቴ? ስለ ውሻው ነበር። ወንድ ነው?»

«ሴት ናት። ክትባቷን ጨርሳለች፣ እ...»

«አይ፣ በቃ፣ አመሰግናለሁ።»

ከዚህ ውይይት ብዙ ነገር ይነበባል። ከተማው ውስጥ ውሻ የሚፈለገው ለጥበቃ ነው። ግቢ ያለው፣ ሱቅ ያለው፣ ጋራዥ ያለው ሰው ውሻ ይፈልጋል። ሴት ከሆነች ግን አውራ በምትፈልግበት ወቅት የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ በር ላይ ያድራሉ፤ ሲናከሱ፣ ሲጮሁ፣ በአጥር ሲዘሉ። ከዚያ በኋላ 63 ቀን ገደማ ቆይታ ትወልዳለች። ሲጠቡ የሚያስደስቱ፣ ከሁለት ወር በኋላ ማን እንደሚወስዳቸው የማይታወቅ ቡችሎች ግቢውን ይሞሉታል። ወንዶቹን ጎረቤት ይሻማባቸዋል። ሴቶቹ ይቀራሉ። ከዚያ ካርቶን፣ ማዳበሪያ፣ ወንዝ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚነግሩህ አንድ ነገር ነው፦ ተጥሎ የሚገኘው ቡችላ በብዛት ሴት ነው። የሚጥላቸውም ሰው ጨካኝ ስለሆነ አይመስለኝም። ቀዳዳውን በስቷል። ችግሩ የተጣለችው ሴት ቡችላ ከሞት ከተረፈች ከወራት በኋላ ራሷ መንገድ ላይ የምትወልድ መሆኗ ነው። የሰውየው ግቢ ከቡችላ ተገላገለ፤ ሰፈሩ ግን ወላድ ተረከበ።

ስለዚህ የቡቺ እናት በረንዳ ላይ በዋናነት የሚሠራው ጊዜ መግዛት ነው። ሴቷን ቡችላ ማንም በማይፈልጋት ዕድሜ ይዞ፣ አስከትቦ፣ አሠልጥኖ፣ ኦፕራሲዮን አስደርጎ፣ «ሴት ናት፣ ግን አትወልድም» ማለት እስከሚቻልበት ቀን ማድረስ። ያ ቀን ሩቅ ነው፤ እስከዚያ የሚገድላት ነገርም ብዙ ነው።

አንደኛው ፓርቮ ነው። ያልተከተበ ቡችላ ይይዘዋል፤ ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ፣ ሽታው ከሩቅ የሚለይ ተቅማጥ ያመጣበታል፣ ብዙ ጊዜም በቀናት ውስጥ ይገድለዋል። ቫይረሱ ጠንካራ ነው። መሬት ላይ ለወራት፣ ጥላና እርጥበት ካገኘም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ በጫማ ሶል ይገባል። ሳሙና አይበግረውም። የሚገድለው በረኪና ነው፣ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ ቀድሞ በታጠበ ወለል ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ። የቡቺ እናት በር ላይ ያለው ቢጫ ሳህን ለዚህ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ጫማውን ነክሮ ይገባል፤ እኔም ነክሬያለሁ። አዲስ የመጣ ውሻ ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም፣ ሳህኑም ጨርቁም ለብቻ ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል ላይ ማቆየት የሚመረጠውም ስለሚታጠብ ነው፤ አፈር ግቢ አንዴ ፓርቮ ከገባበት ማንም በበረኪና አያጠራውም። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እስከ አራት ወር ይደጋገማል። ከእናት ወተት የተገኘው መከላከያ በመሀል ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው ድግግሞሹ። አንድ መርፌ አስወግቶ «ተከትቧል» ብሎ የሚሰጥ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆመው።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በዓለም በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የተመዘገበው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. እስከ ነሐሴ 1903 ወደኋላ ይሄዳል። ጉለሌ አካባቢ «ፓስተር» ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ውሻ የነከሰው ያገሬ ሰው ለብዙ ዓመታት ሆዱ ላይ ቀን በቀን ይወጋው የነበረው፣ ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮ ክትባት የዚሁ ቤት ሥራ ነበር። ሽማግሌዎች ዛሬም ሲያወሩት ሆዳቸውን ይዳብሳሉ። የአሁኑ ክትባት ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ውሻ የሚያቆይ ሰው ሳይነከስ በፊት ቢከተብ ይመከራል። የቡቺ እናት ተከትባለች። ከተነከሱ ደግሞ ከጸበልም ከሐኪምም በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ብዙ ሕይወት የተረፈው በዚህች ቀላል ነገር ነው። ከዚያ ክትባቱ አይቀርም፤ ጸበሉን የሚከለክል የለም።

ከተሞቻችን ለዚህ ፍርሃት ለዘመናት የሰጡት መልስ መርዝ ነበር። ሌሊት የሚጣል ሥጋ፣ ጠዋት የሚሰበሰብ ሬሳ። በዚያ መንገድ በሽታው አልጠፋም፤ ምክንያቱም የሞቱት ውሾች ቦታ በወራት ውስጥ ባልተከተቡ አዳዲስ ቡችሎች ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን መከተብ ነው። የተከተበና የተመከነ ውሻ ሰፈሩ ውስጥ ቦታ ይዞ ሲኖር ለበሽታው ግድግዳ ይሆናል። ይህ ጉዳይ ከሰው አልፎ አውሬም ይነካል። ባሌ ተራሮች ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎቻችን፣ በአገሪቱ በሙሉ ዕድሜያቸው የደረሰው ተቆጥረው 500 የማይሞሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተደጋጋሚ ያለቁት ከእረኛ ውሾች በተጋባ በሽታ ነው። ቀበሮን ለማዳን የተቋቋመው ፕሮግራም ዓመት ጠብቆ የገበሬ ውሻ የሚከትበውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጠላት ርኅራኄ የለበሰ ነው፤ ምግብ። የአዲስ አበባ ውሻ ኑሮ ከሥጋ ቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የቀን መቁጠሪያው የቤተ ክርስቲያን ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን አጥንትና ቅንጣቢ ይጠፋል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቤት ውስጥ የሚተርፈው ሽሮ ነው። የቡቺ እናት በዚያ ወቅት ሳንባ የምትገዛው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። ፋሲካ ሲነጋ ደግሞ ሁሉም በር ላይ የበግ ሆድ ዕቃ ይወረወራል፤ የተራበ ውሻ እስኪተፋ ይበላል። ማስመለሱ ቀላሉ ነው። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ዕጢ የምናይበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰው ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። ያ ዕጢ የአንድ ደቃቃ የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በሰው እጅና በጎመን በኩል ሰው ሆድ ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበት ላይ ያው ዕጢ በሐኪም ቢላዋ ይወጣል። እማማ ሳንባውን የሚቀቅሉት ለረጅም ሰዓት ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው መሆኑን አያምኑም፣ «ጥሬ ሥጋ ያለ አዋዜ ምን ዋጋ አለው» የሚሉት ነገር አላቸው። የተቀቀለው ተከትፎ ከሩዝ ጋር ይደባለቃል። ጨው የለውም፣ ሽንኩርትም የለውም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሳል። የትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ነው።

እነዚህን ሁሉ ካለፈች በኋላ ነው ቡችላዋ መማር የምትጀምረው። እንዲያውም አይደለም፣ መማር የጀመረችው ገና በሦስተኛው ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሜይን ግዛት ለዓመታት ቡችሎችን ሲከታተሉ ቆይተው ባወጡት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ከሦስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ያለው ጊዜ ውሻ ሰውን ዘመድ አድርጎ የሚቀበልበት ነው። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካው ቡችላ በኋላ ቢመገብም ቢሞቅም ሰው ሲቀርበው ይሸሻል። ስለዚህ ከስምንት ሳምንት በፊት ከወንድምና እህቶቹ መለየት የለበትም፣ አሥራ አራተኛውን ሳምንት ደግሞ ሰው ሳያውቅ ማለፍ የለበትም። የቡቺ እናት በረንዳ ላይ የሚታየው ትርምስ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው፦ የሰፈር ልጅ ያቅፋቸዋል፣ ጃንጥላ ይከፈታል፣ ባጃጅ በር ላይ ይነሣል፣ ቡና ይወቀጣል። እነዚህን የለመደ ውሻ ሲሰጥ አይመለስም።

አዋቂ ውሾችም ይመጣሉ፤ መኪና የገጨው፣ ባለቤቱ ወደ ውጭ የሄደ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቤተሰብ ጥሎት የሄደ። ከእነዚህ መሀል ስለ አንዱ በሽታ ብቻ ላንሣ፤ ሰው ሲያየው ስለሚደነግጥ ነው። በመንገድ ውሾች ብልት ላይ የአበባ ጎመን የሚመስል፣ የሚደማ ዕጢ ይወጣል። ካንሰር ነው፤ የሚገርመው ግን የውሻው የራሱ አይደለም። ከሺህ ዓመታት በፊት በኖረ አንድ ውሻ ገላ ላይ የበቀለ ሕዋስ ነው፣ በስሪያ ጊዜ ከውሻ ወደ ውሻ እየተሻገረ እስከ ዛሬ የሚኖር። የዕጢው ባለቤት የሆነው ውሻ ከሞተ ዘመን አለፈ፤ ዕጢው ግን አየር ጤና ላይ ይታያል። ደግነቱ ይድናል። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንዴ ለጥቂት ሳምንታት ሲወጋ ብዙውን ጊዜ እየሟሸሸ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን ሽንቱን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ማድረግ አለበት፤ መድኃኒቱ ከውሻው ጋር ስለሚወጣ ነው። ይህችን ማን ይወስዳታል የተባለች ውሻ ከሁለት ወር በኋላ እንዴት እንደምትሆን ያላየ ሰው አያምንም።

አንዳንዶቹ ውሾች ከአገር ይወጣሉ። አዲስ አበባ ሥራቸውን ጨርሰው የሚሄዱ የውጭ ሰዎች ያሳደጉትን የሀበሻ ውሻ ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ፣ ወረቀቱ ግን ከሰውየው ትኬት ጋር አይገጥምም። ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚሄድ ውሻ ማይክሮቺፕ ይቀበርበታል፣ ዕድሜው 12 ሳምንት ከሞላ በኋላ ለእብድ ውሻ ይከተባል፣ ቢያንስ 30 ቀን ጠብቆ ደሙ ይመረመራል፣ ውጤቱ 0.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ገና ሦስት ወር ይጠብቃል። ለቡችላ ከተወለደ ጀምሮ ተደምሮ ሰባት ወር ገደማ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች የሆነ ውሻ አታስገባም። ባለቤቱ ቀድሞ ይበራል፤ ውሻው እዚህ በረንዳ ላይ ይጠብቃል። ይህ እንግዳ ነገር ቢመስልም ለቡቺ እናት ጥቅም አለው። የውጭ ሰው የሚጠብቀው ውሻ ወርኃዊ ወጪ ይላክለታል፤ በዚያ ብር የሌሎቹ ኦፕራሲዮን ይሸፈናል። የሒሳብ ሠራተኛ መሆኗ እዚህ ላይ ነው የሚታየው፤ ደብተር አላት።

ኦፕራሲዮኑ የሚደረገው ስድስት ወር ገደማ ላይ፣ የመጀመሪያው ስሪያ ሳይመጣ ነው። ማህፀኗና የእንቁላል ከረጢቶቿ ይወጣሉ፣ በአሥር ቀን ስፌቱ ይድናል፣ በዚያ መሀል እንዳትልሰው አንገቷ ላይ ከፕላስቲክ ባልዲ የተቆረጠ ማቀፊያ ይደረግላታል። ክርክሩ ከስፌቱ በላይ ያደክማል። ኃጢአት ነው የሚል አለ፤ ለእሱ የምትሰጠው መልስ የላትም፣ አትከራከረውም። ትወፍራለች የሚለው እውነትነት አለው፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ገላዋ የሚፈልገው ምግብ ስለሚቀንስ ሳህኑም መቀነስ አለበት። መጮህ ትተዋለች የሚለው ግን መሠረት የለውም። ሴት ውሻ ግቢዋን የምትጠብቀው በማህፀኗ አይደለም። ያልተመከነች ሴት በዕድሜ ስትገፋ ማህፀኗ መግል ሊቋጥርና ሊገድላት እንደሚችልም ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋም አለኝ። ስለ ባዘኑ ውሾች ስናወራ ስለ መርዝና ስለ መጠለያ እንከራከራለን፣ ሁለቱም ያለቀለትን ነገር ማንሣት ነው። ችግሩ የሚፈጠረው በራሳችን ግቢ፣ ሴቷ ወልዳ ካርቶን ስንፈልግ ነው። የአንዲት ሴት ውሻ ኦፕራሲዮን ስንት ካርቶን እንደሚያስቀር ማሰብ ይበቃል። የቡቺ እናት ይህን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ አልተስማማችም። «ሰው ቢያስደርግ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ግን አምስት ናቸው» ብላ ወደ ሳፋው ጎንበስ አለች። እሷ የምታስበው ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ወተት ነው።

የማስረከቡ ቀን የራሱ ሥርዓት አለው። ወሳጁ ግቢውን ያሳያል። ውሻ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚታሰርበት ቤት አይሰጥም፤ ቀን መታሰር ግድ ከሆነ ማታ የሚለቀቅበት ግቢ መኖር አለበት። ዝናብ የማይገባበት ቤት፣ ውኃ፣ የክትባት ቀን የተጻፈበት ወረቀት። ኦፕራሲዮን ያልደረሰላት ከሆነች ቀኗ ሲደርስ ትመጣለች ተብሎ ይፈረማል፤ ወጪው የማን እንደሆነ ያኔ ይቆረጣል። ካልተስማማች ደግሞ ትመለሳለች እንጂ ለሌላ ሰው አትተላለፍም። ውሻ በበላበት ይጮሃል እንደሚባለው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ አዲሱ ቤት ገብታ አትበላም፣ በር በር ታያለች። ሦስት ቀን ያህል ትፈራለች፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ትለማመዳለች፣ እንደ ቤቷ የምትቆጥረው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ የቡቺ እናት ካስረከበች በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ወሳጆቹ ቤት አትሄድም፤ ውሻዋ ብታያት እንደ አዲስ ትጀምራለች። የምትደውለው በስልክ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ስልኩ ከወዲያ ተደወለ። ከሳምንታት በፊት ወለቴ አካባቢ ላሉ አንድ ጡረተኛ የተሰጠች፣ ዓመት ያለፋት ሴት ውሻ ጉዳይ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ወንድ ካልሆነ ብለው ነበር፤ ባለቤታቸው ናቸው ያስማሟቸው።

«ልጄ፣ ይቺ ውሻሽ ጌሾዬን ነቅላ ጨረሰችው።»

«አፈሩ ሲረጥብ ደስ ይላቸዋል፣ ጋሼ። እየቆፈረች ነው?»

«መቆፈርማ! ጉድጓዱን ብታዪው። ሌባ እንደሆነ ባለፈው ሌሊት አባራለች፣ እሱን አልክድም። ግን ጌሾው...»

«ልመልሳት ነው የሚሉኝ?»

ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝምታ ሆነ፤ ከኋላ የሴት ድምፅ ይቆጣል።

«ኧረ ምን በወጣኝ! ጌሾውን ላጥረው ወይስ እሷን ላጥራት ብዬ ልጠይቅሽ ነው እንጂ።»

«ጌሾውን ይጠሩት። ለፋሲካ ጠላ ያስፈልጋል።»